የሳሎናችን ዝምታ

ባለቤቴ ድምፅ አልባ መሆኑን መጀመሪያ የነገረኝ ሾርባ ነው።

እሑድ ምሳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ባለቤቴ ሾርባ ሲጠጣ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ይጣላል፤ ፉት ባለ ቁጥር ከሩቅ የሚጎተት ዕቃ ያለ ይመስላል። እንደተጋባን ሰሞን «ኧረ ቀስ በል» እለው ነበር። ቆይቼ ተውኩት፤ ይባስ ብሎ ያ ድምፅ ከሌለ ምሳ የበላሁ አይመስለኝም ነበር። የዚያን እሑድ ግን ማንኪያው የሳህኑን ጠርዝ ሲነካ በዓይኔ አየሁ፤ ጆሮዬ ዘንድ የደረሰ ነገር አልነበረም። ቀና ብዬ ተመለከትኩት። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ይላል። ሾርባው ይጎድላል።

«ጣፈጠህ?»

ራሱን ነቀነቀ፤ ፈገግም አለ።

የተጠራጠርኩት ራሴን ነው። የምሠራው ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ በማግስቱ የክኒን ብልቃጥ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አንቀጨቀጭኩ። እንደ ወትሮው ተንቀጨቀጨ። ጆሮዬ ደህና ነው ማለት ነው። ማምሻውን ቤት ስገባ ባለቤቴ በመተላለፊያው ሲያልፍ አስተዋልኩት። እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ የጎማ ነጠላ ጫማው ግን፣ ያ በየእርምጃው «ሲጥ» እያለ የገባበትን የወጣበትን ሁሉ የሚያሳብቅበት ጫማ፣ አንዴም አልተነፈሰም።

የነገሩ ሥር ሳሎናችን ውስጥ የተቀረጸው የቴሌቪዥን ድራማ ነው።

ባለቤቴ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር መምህር ነው፤ ዳይሬክተሯ የቀድሞ ተማሪው ናት፤ ስለ ድንጋይ ተምራ ተመርቃ ስታበቃ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥን ያዞረች። አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጥታ የሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ተከታታይ ድራማ ነው፤ የሚያስቅም የሚያሳዝንም። ስለ አንድ ፕሮፌሰር የጉልምስና ቀውስ» አለች። ቀጥላም ማንም ሳይጠይቃት፣ «እርስዎ አይደሉም፣ ፕሮፌሰር!»

«እኔ ነኝ ማን አለ?»

«ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው። ፀጉሩን ያጠቁራል፤ ሞተር ብስክሌት ይገዛል፤ ጊታር ይጀምራል። ሚስቱ ትስቅበታለች። በኋላ መሳቁን ትተወዋለች።»

«እኔ ጊታር አልጀመርኩም» አለ ባለቤቴ።

«ፀጉሩስ?» አልኩ።

ሦስታችንም ሳቅን። ፀጉሩን ያጠቆረው በቅርቡ ነበር፤ ትራሱ ይመስክር።

የፈለገችው ሁለት ነገር ነው፤ እሱን ለአማካሪነት፣ ሳሎናችንን ለቀረጻ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘውን የድንጋይ መደርደሪያ እያየች «ይህን ሠርቼ አላመጣውም» አለች። የመደርደሪያው መሃል ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ስንተጫጭ አበባ ይዞ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ያመጣልኝ ነው። «እሳት ሆኖ የወጣ ነው፤ አሁን የቀዘቀዘ ቢመስልሽም» ብሎኝ ነበር ያን ጊዜ። ዳይሬክተሯ ያንኑ ድንጋይ አንሥታ በእጇ መዘነችው። ባለቤቴ ወደ እኔ ሳይዞር እሺ አላት።

በዚያ ዓመት ደህና አልነበረም፤ አልታመመም እንጂ። ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ከሕንፃው በታች ያቆምና ሳይወርድ ይቀመጣል። ከመስኮት ቁልቁል አየዋለሁ። እጁ መሪው ላይ ነው፤ የደረሰ ሰው ሳይሆን ሊነሣ ያለ ሰው ይመስላል። አንድ ቀን ምን እንደሚያስብ ብጠይቀው «አስተማርኩ የምለው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ድግግሞሽ ነው» አለኝ። ስለ ትምህርቱ ብቻ እንዳልተናገረ ገብቶኛል። እኔም ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ። በእኛ ቤት ከባድ ነገር ሲነሣ ሻይ ይፈላል፤ ውሃው ሲፈላ ነገሩ ይቀዘቅዛል።

ከቀረጻው ሰዎች ሁሉ የማልረሳው የድምፅ ባለሙያውን ነው። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ጆሮ» ይሉታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ማዳመጫው ከአንገቱ የማይወርድ ሰው ነው። ከየትዕይንቱ በኋላ እጁን ያነሣና «ዝምታ ልቀዳ ነው!» ይላል፤ ሳሎን ውስጥ ያለው ሁሉ ባለበት ይደርቃል። ቆይቶ «በቃን፤ እናመሰግናለን» ሲል ሁሉም ነፍስ ይዘራል።

«ዝምታ ደግሞ ምኑ ይቀዳል?» አልኩት በመጀመሪያው ቀን።

«እትዬ፣ ዝምታ ሁሉ አንድ ይመስልዎታል? የናንተ ሳሎን ዝምታ ፍሪጅ አለበት፤ ሰዓት አለበት፤ ግድግዳ ውስጥ የሚወርድ ውሃ አለበት። ሌላ ቤት ብሄድ ይሄን አላገኘውም። ተዋንያኑ ያወሩትን ስንቆርጥ ስንቀጥል ክፍተቱን የምንደፍነው በዚህ ነው። አለዚያ ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።» ሳቅ አለ። «ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔም ሳይነቅዝ ጠቅልዬ እወስደዋለሁ።»

እውነትም ወሰደው።

በዚያው ቀን፣ ዝምታው እየተቀዳ ሳለ፣ ከመደርደሪያው አጠገብ «ሲጥ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጆሮ የሚሉት ሰው ማዳመጫውን ከራሱ ላይ ነጠቀው።

«ማነው እሱ?»

ባለቤቴ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ። ጫማዬ ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ መምህር ነዎት። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲረብሽ ምን ያደርጉታል?»

«አስወጣዋለሁ።»

«እንግዲህ እንዳላስወጣዎት!»

ሠራተኞቹ መሬት መሬት አዩ። ፕሮፌሰሩ ይቆጣል ብለው ነበር። እሱ ግን ፊቱ በራ። ለስንት ዓመት የተቆጣው ሰው አልነበረም፤ ሲሳሳት የሚያርመው፣ ሲያጠፋ ገሥጾ ቦታውን የሚያሳየው ጠፍቶበት ኖሯል።

«ቃሌ ነው» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ከእንግዲህ አንተ በቃን እስክትል ድረስ ከእኔ ዘንድ ኮሽታ አይሰማም።»

ባለቤቴ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ዝምታ በተቀዳ ቁጥር እንደ እሱ የሚደርቅ አልተገኘም። ሠራተኞቹ «ሐውልቱ» ብለው ስም አወጡለት፤ ልጃችን ሚጣ ይህን ስትሰማ «አባዬ ከድንጋዮቹ ጋር ሲውል ሲያድር ይኸው ተመሳሰላቸው» ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። ያን ጊዜ ሳቁ ይሰማ ነበር።

ዋናው ተዋናይ የረጋ፣ መልከ መልካም ሰው ነው፤ ለሥራው ሲል ባለቤቴን ያጠናዋል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ የሚሰቅልበትን፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግበትን። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የባለቤቴን ሳል ከደረጃው ሰማሁ። «ዛሬ ቶሎ ገባህ?» እያልኩ በሩን ስከፍት የሳለው ተዋናዩ ነው። ባለቤቴ መደርደሪያው ሥር ቆሞ ያየዋል፤ ከንፈሩ ያለ ድምፅ አብሮ ይንቀሳቀሳል። እንደ ገባሁ ያየኝ ተዋናዩ ነው፤ ባለቤቴ ዞር አላለም።

የመጨረሻው ትዕይንት በተቀረጸበት ቀን የሆስፒታል ተረኛ ስለነበርኩ ቤት አልነበርኩም። አመሻሽ ላይ ስመለስ ሕንፃው መብራት የለውም። የቀረጻው ሰዎች ሄደዋል። ባለቤቴ በድንግዝግዙ መደርደሪያው አጠገብ ቆሟል፤ ቀኝ እጁ በሹራቡ ኪስ ውስጥ ነው።

«ሄዱ?»

ራሱን ነቀነቀ።

ደክሞት ነው ብዬ ሻማ ፍለጋ ገባሁ። በማግስቱ አቧራ ስጠርግ ጥቁሩ ድንጋይ ከቦታው የለም፤ የነበረበት ክብ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ከቀረጻው ዕቃ ጋር ተደባልቆ የሄደ መሰለኝ። የሾርባው እሑድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ድራማው በእሑድ ምሽት መታየት ሲጀምር ሚጣ ከምትኖርበት እየመጣች አብረን እናይ ነበር። ሚጣ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ በትሕትና ስታወራ ውላ ቤት ስትመጣ የምትጮህ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ተዋናዩ በጠቆረ ፀጉር መስታወት ፊት ሲንጎራደድ ከሶፋው ልትወድቅ ደረሰች።

«አባዬ፣ ኧረ አንተን ቁጭ! ሆዱን እንኳ እንዳንተ ነው የሚደብቀው!»

ወዲያው ሳቋን አቋረጠች።

«እማዬ፣ ይሄ የኛ ፍሪጅ አይደለም?»

«የት ታየሽ? ወጥ ቤት እኮ አልቀረጹም።»

«አላየሁትም። ሰማሁት።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋችው። ሳሎናችን ጭር አለ። ጭር ማለት እንኳ አይገልጸውም፤ ጭርታም የራሱ ድምፅ አለው። እንደገና ከፈተችው፤ ከተዋናዩ ንግግር ሥር የፍሪጃችን እህህታ፣ የግድግዳው ሰዓት ቅጭ ቅጭታ፣ ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው ውሃ መጡ። አጠፋችው፤ ሄዱ።

ሚጣ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ተከተልኳት። መዳፏን የፍሪጁ ጎን ላይ አሳረፈች፤ እኔም አሳረፍኩ። ይንቀጠቀጣል። እየሠራ ነው። ግን አይሰማም። ሳሎን ተመልሰን ሰዓቱን አየነው። ዘንጉ ይዘላል፤ ሲዘል አይሰማም።

«አባዬ?» አለች ሚጣ። ድምፅዋ እንደ ሕፃንነቷ ሆነ።

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ከጉሮሮው የወጣው ወረቀት ሲገለጥ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው፤ እሱም ሳያልቅ ጠፋ። ያኔ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው፣ በባለቤቴ ጉሮሮ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሐኪም ዘንድ ሄድን። «ምንም የለባቸውም፤ ጉሮሯቸው የልጅ ጉሮሮ ነው» አለን። ባለቤቴ አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያስተምራል። አንድ የሥራ ባልደረባው ሆስፒታል አግኝቶኝ «ተማሪዎቹ መተኛት ተዉ፤ ዓይናቸውን ከነቀሉ ትምህርቱ ያመልጣቸዋላ!» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ፤ ዓይኑ ግን አይስቅም ነበር። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲሄድ እንደማይሰማ ነገረኝ። እኔ እንደማላውቅ ሆኜ ሰማሁት።

ባለቤቴ ቀስ በቀስ መንቀሳቀሱንም ተወው። ከሥራ ይገባል፤ መደርደሪያው ሥር ይቆማል። መጀመሪያ ሻይ እስኪደርስ ያህል ነበር፤ ኋላ እራት እስኪቀርብ፤ ኋላ ልብሱን ይዤ እስክጎትተው። ትከሻውን ስነካው ፀሐይ የመታው ድንጋይ ይመስል ሙቅ ነው። ዓይኑ ይከተለኛል። ልጆች ከክፍል ለመውጣት ፈቃድ ሲጠይቁ መምህራቸውን የሚያዩበት አስተያየት አለ፤ እንደዚያ ያየኛል። እኔ ግን የሚጠይቀኝ ምን እንደሆነ አላውቅም። የልብ ምቱን በጣቴ አዳመጥኩ። ከሳምንት ሳምንት እየዘገየ ነው።

ጆሮን ፈልጌ ያገኘሁት ያኔ ነው።

የሚሠራበት ክፍል ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ነው፤ ስገባ የእርምጃዬ ድምፅ ከእግሬ ሥር ተወሰደ። ዳይሬክተሯም እዚያ ነበረች፤ የመጨረሻውን ክፍል እያጠናቀቁ ነው። የሆነውን ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ጆሮ አልሳቀም። ምንም ሳይል ማዳመጫውን ራሱ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«የመጨረሻው ቀን ዝምታ ነው» አለ።

ቤቴ ገባሁ። ሌላ ልለው አልችልም። ፍሪጁ አለ። ሰዓቱ አለ። ከሁለቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በአፍንጫ የሚሳብ፣ መጨረሻው ላይ በቀጭኑ የሚያፏጭ ትንፋሽ። በእንቅልፌ የማውቀው ትንፋሽ ነው። ድንገት ፍሪጁ ተንገጫግጮ ቆመ። ከዚያ የሰው ድምፅ፤ «መብራት ሄደ!»፣ «ገመዱን ያዝ!»፣ «ባትሪ ማን ጋ ነው?»። ዕቃ ይጎተታል፤ በር ይዘጋል። ትንፋሹ ብቻ እየቀጠለ ተቆረጠ።

ማዳመጫውን ሳወልቅ የጆሮ ፊት ተለውጧል።

«አላልኩም» አለ።

«ምኑን?»

«በቃን አላልኩም፣ እትዬ። መብራቱ ሲሄድ መሣሪያዬ እንዳይበላሽ ብዬ… ሌሎቹ የለመዱት ሥራ ነው፤ ራሳቸውን ይፈታሉ። ጋሼ ግን…» ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። «ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዓለሙን ኮሽታ ሁሉ የሚሰማው ሰው የራሱን አፍ ዝም ማለት አልሰማም።

«አሁኑኑ ልምጣና ‹በቃን› ልበላቸው» ብሎ ተነሣ።

ዳይሬክተሯ ክንዱን ያዘችው። «ቆይ። እትዬ፣ የመጨረሻውን ትዕይንት አይተውታል?»

አላየሁም። አሳየችኝ። ፕሮፌሰሩ ሳሎናችን ውስጥ፣ በእኔ መደርደሪያ ፊት ቆሟል። ሚስት ሆና የምትሠራዋ ተዋናይ ልብስ ታጣጥፋለች። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና «ወተት ልገዛ ነው» አለ። ወጣ። ሴትዮዋ ምንም አላለችም። በሩ ተዘጋ፤ ባዶው ሳሎን ብቻ ቀረ።

«አይመለስም» አለች ዳይሬክተሯ። «እኛ የጻፍነው በእርቅ የሚያልቅ ነበር። ይሄንን የሰጡን ፕሮፌሰር ናቸው። ‹ሰው ሻንጣ ሸክፎ አይደለም ከቤቱ የሚሄደው፤ እንዲህ ነው የሚሄደው› አሉን።»

«ሚስትየዋ ለምን ዝም አለች?»

መልሱን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት።

«ምንም አትልም ነው ያሉን» አለች፣ ዓይኔን ላለማየት እየጣረች።

ጆሮ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እትዬ፣ ትዕይንቱ እሳቸው ዘንድ አላለቀም ማለት ነው። እዚያ ያቆማቸው የኔ ዝምታ ነው። በቃን ካልኩ ቀጥለው ይወጣሉ።»

ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ድምፅ የሌለው ባል ክፉ ባል አይደለም፤ አይከራከርም፣ አያኮርፍም፣ ይበላል፣ ይሞቃል። ስንቷ ሴት ተስላ ያጣችው ነው። ዝም ብል ይኖራል። ግን እስከ መቼ? ደረጃውን ወጥቼ በሩን ስከፍት እዚያው ቆሟል፤ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ያን ሹራብ ለምን ከላዩ ማውለቅ እንደማይፈልግ ጠይቄው አላውቅም ነበር። እጄን ከእጁ ጎን ኪሱ ውስጥ ሰደድኩ። ጣቶቹ የያዙት ጥቁሩን ድንጋይ ነው።

ተዋናዩ በዚያ ትዕይንት ይዞት የወጣው ነገር አልነበረም። ይህን ያነሣው ባለቤቴ ነው፣ ለራሱ መንገድ። የሌላው ሰው መውጣት ሲያበቃ እሱም ሊወጣ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ አንድ እጅ ተነሥቶ አስቆመው።

አንጓውን ያዝኩ። የልቡን ምት ጠበቅሁ። ሌላው እስኪመጣ ድረስ ብዙ ቆየ፤ የማይመጣ መስሎኝ ነበር።

ለጆሮ ደወልኩ። «ና» አልኩት።

የመጣው በእሑዱ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የመጨረሻው ክፍል የሚታየው በዚያው ምሽት ነበር። ሚጣም አለች፤ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። «ቢሄድስ?» ብላኝ ነበር። «ከሄደ በእግሩ ይሂድ» አልኳት።

ጆሮ ማይኩን ሳሎኑ መሃል አቆመ፤ ማዳመጫውን አጠለቀ። ባለቤቴ ከመደርደሪያው ሥር ያየዋል።

«ጋሼ፣ ካቆምንበት ነው የምንቀጥለው» አለ። እጁን አነሣ። «ዝምታ ልቀዳ ነው።»

ሚጣ በሩ አጠገብ ደረቀች። እኔ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጬ ቆምኩ። ምንም ነገር በሌለበት ጭርታ ውስጥ የራሴ ደም በጆሮዬ ሲሄድ ተሰማኝ።

«በቃን» አለ ጆሮ፣ እጁን እያወረደ። «በቃን፤ እናመሰግናለን፣ ጋሼ።»

አስቀድሞ የመጣው ሰዓቱ ነው። ቅጭ አለ፤ ቆየና ደገመ። ከዚያ ፍሪጁ ተንገጫግጮ ተነሣ። በግድግዳው ውስጥ ውሃ ወረደ። በመጨረሻ ከባለቤቴ ደረት፣ ከጥልቅ ውሃ ብቅ ያለ ሰው የሚተነፍሰው ትንፋሽ ወጣ፤ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ። ሚጣ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወተት ልገዛ ነው» አለ።

የእሱው ድምፅ ነው። ምንም አልጎደለበትም። ነጠላ ጫማው ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ እያለ በፊቴ አለፈ። ሚጣ ልትይዘው ስትል እጇን ያዝኩት። በሩ ተከፈተ። በሩ ተዘጋ።

ጆሮ ጣቱን አነሣ። ማዳመጫውን በመዳፎቹ ጫን አድርጎ ያዳምጣል።

«አልወረዱም» አለ በሹክሹክታ። «በሩ ላይ ናቸው። ይተነፍሳሉ።»

ሚስትየዋ እዚህ ላይ ምንም አትልም። እሱ እንዲህ ነው የጻፈኝ፤ አልተሳሳተም። ከወንበሩ መደገፊያ ላይ እጄን አላቀቅሁ።

«ወተት አለ» አልኩ። እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «ፍሪጅ ውስጥ ወተት አለ! መሄድ ከፈለግህ ሄደህ ሌላ ነገር ግዛ። ግን መጀመሪያ ግባና የምትለውን በለኝ። እሰማሃለሁ። ሻይ አልጥድም።»

ሰዓቱ ብቻ ይሰማል። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኗል።

ቀጥሎ የበሩ እጀታ ሲዞር ተሰማ።

ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጥቁሩን ድንጋይ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በመካከላችን አስቀመጠው። ጆሮ መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ሚጣን አስከትሎ፣ ኮሽ ሳያደርግ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው የእኛ ነው። ረጅም ነበር፤ የሚያስደስት ሁሉ አልነበረም፤ አንድም ሲኒ አልተነሣም። ሲያልቅ ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ክቡ ቦታው መለሰው።

ማምሻውን ሚጣ ተመለሰች። የመጨረሻውን ክፍል ካላየሁ ያለው ራሱ ነው፤ ሾርባ ይዘን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ይጠጣል፤ ፉት ባለ ቁጥር ሚጣ በክርኗ ትጎሽመኛለች። ትዕይንቱ ደረሰ። ተዋናዩ «ወተት ልገዛ ነው» አለ። በሚያብረቀርቅ የቆዳ ጫማው ወጣ። ሴትዮዋ ዝም አለች። ባዶው ሳሎን ቀረ።

ከሥሩ ፍሪጅ አልነበረም። ሰዓት አልነበረም። እነሱ አሁን እኛ ዘንድ ናቸው። ሚጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ አሁንም ምንም የለም።

ሲጥ።

ባለቤቴ ማንኪያውን አፉ አጠገብ አቆመ።

ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። የጎማ ነጠላ ጫማ ባለቤቴ ዛሬ ያልወረደውን ደረጃ ይወርዳል። አይቸኩልም። አንዱን ፎቅ ጨርሶ ዞረ፤ ሌላውን ጀመረ።

«እማዬ፣ ሰውየው እኮ የቆዳ ጫማ ነው ያደረገው» አለች ሚጣ።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ። ሁለቱም ነጠላ ጫማዎቹ እግሩ ላይ ናቸው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ኮቴው ታች ደረሰ፤ የሕንፃው የብረት በር ተንቋቋ፤ ድምፁ መንገድ ላይ ወጥቶ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። የሠራተኞቹ ስም መውረድ ጀመረ።

«ማነው የሄደው?» አለ ባለቤቴ። ጥያቄው ለእኔም ለሚጣም አልነበረም።

ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለት።

«ጠጣ» አልኩት፤ «ይቀዘቅዝብሃል።»

ማንኪያውን አነሣ። ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁት። ጎረቤት እስኪሰማ ጠጣ።